የማንጠር ሂደት ውጤቶች፦ ምንነታቸው፣ ጥቅማቸውና በአጠቃቀማቸው ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ማንጠር (ዲስቲሌሽን) በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ተደባልቀው የሚገኙ ንጥረ ነገሮችን በነጥበ ፍሌታቸው ልዩነት ለመለየት የሚያገለግል የኬሚስትሪ ዘዴ ነው። ፈሳሹ ይሞቃል፤ ቀድሞ የሚተነው ክፍል እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ እንፋሎቱም በቀዝቃዛ አካል ውስጥ ሲያልፍ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና በሌላ ዕቃ ይጠራቀማል።

የዚህ ሂደት ውጤቶች ከዕለት ተዕለት ኑሮ የራቁ አይደሉም። በግብዣ ላይ የሚቀርበው አረቄ፣ በተሽከርካሪ የሚቀዳው ቤንዚንና ናፍጣ፣ በምድጃ የሚነደው ነጭ ጋዝ፣ በመኪና ባትሪ የሚጨመረው ውሃ፣ በጤና ተቋማት ቁስል የሚጸዳበት አልኮል፣ የባሕር ዛፍ ዘይትና ለሕሙማን የሚሰጠው ፈሳሽ ኦክስጅን የሚገኙት በማንጠር ነው። ከእነዚህ መካከል በርካቶቹ በመልክ ተመሳሳይ፣ ቀለም የሌላቸውና እንደ ውሃ የጠሩ በመሆናቸው አንዱ በሌላው ስም ሲሸጥ ወይም ያለ መለያ ጽሑፍ በቤት ውስጥ ሲቀመጥ የዓይን ብርሃንን እስከ ማሳጣትና ሕይወትን እስከ መቅጠፍ የሚደርስ ጉዳት ያስከትላሉ። ይህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን የማንጠር ውጤቶች፣ የሚሰጡትን ጥቅምና ተጠቃሚዎች ሊወስዱት የሚገባውን ጥንቃቄ ያስረዳል።

የማንጠር ሂደት መሠረታዊ አሠራር

እያንዳንዱ ንጹሕ ፈሳሽ የራሱ ነጥበ ፍሌት አለው። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ሜታኖል በ64.7፣ ኢታኖል በ78.4፣ ውሃ ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። የአየር ግፊት ሲቀንስ ነጥበ ፍሌትም ዝቅ ስለሚል፣ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ኢታኖልም በ71 ዲግሪ ገደማ ነው። በመሆኑም ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ የሙቀት መጠን ሠንጠረዥ በደጋማ አካባቢዎች እንዳለ ሊሠራበት አይችልም።

ማንጠር ፍጹም የሆነ የመለያ ዘዴ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። የሁለት ፈሳሾች ድብልቅ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት የሁለቱም ድብልቅ ነው፤ ልዩነቱ በእንፋሎቱ ውስጥ ቶሎ የሚተነው ክፍል መጠን ከፍ ማለቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የነጠረ ፈሳሽ ብዙ ውሃና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ይዞ ይወርዳል። ጥራቱን ለማሳደግ ሂደቱ ይደገማል፤ በፋብሪካ ደግሞ እንፋሎቱ በረጅም ማማ ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ በየደረጃው እየጤዘና እንደገና እየተነነ ብዙ ጊዜ እንደ ተነጠረ ይቆጠራል። ይህም በየደረጃው ማንጠር ይባላል። ያም ሆኖ ኢታኖልና ውሃ በተለመደው የማንጠር ዘዴ ሙሉ በሙሉ አይለያዩም፤ ኢታኖሉ በክብደት 95.6 ከመቶ ሲደርስ ድብልቁ ሳይለያይ አንድ ላይ ይተናል። ቀሪውን ውሃ ለማስወገድ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

በማንኛውም የማንጠር ሥራ አራት ክፍሎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ቀድሞ የሚወርደውና ቶሎ የሚተኑ ንጥረ ነገሮች የሚበዙበት ነው። ሁለተኛው የሚፈለገው ዋናው ክፍል ነው። ሦስተኛው ዘግይቶ የሚወርደውና ከፍ ባለ ሙቀት የሚተኑ ንጥረ ነገሮችን የያዘው ጭራ ነው። አራተኛው ሳይተን በዕቃው ሥር የሚቀረው ዝቃጭ ነው። ለአረቄ አውጪዋ ዝቃጩ አተላ፣ ለነዳጅ ማጣሪያው ደግሞ ሬንጅ ነው፤ ሁለቱም የማንጠር ውጤቶች ናቸው።

የተነጠሩ መጠጦች

አረቄ የሚለው ስያሜ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ ላብ ማለት ነው። እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ዕቃ ላይ ጤዝቶ በጠብታ በጠብታ የሚወርድበትን አኳኋን የሚገልጽ ነው።

በኢትዮጵያ የባህላዊ አረቄ ዝግጅት የሚጀምረው የጌሾ ቅጠልና የብቅል ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ከሚዘጋጀው ጥንስስ ነው። ከዳጉሳ፣ ከገብስ፣ ከበቆሎ፣ ከስንዴ ወይም ከሌላ እህል የተሠራ ቂጣ ወይም እንኩሮ ይጨመርበትና ለቀናት ይብላላል። በዚህ ጊዜ በብቅሉ አማካይነት የእህሉ ስታርች ወደ ስኳር፣ በእርሾ አማካይነት ደግሞ ስኳሩ ወደ ኢታኖል ይለወጣል። የተገኘው ድፍድፍ በሸክላ ዕቃ ወይም በበርሜል ይጣዳል፤ እንፋሎቱም በቀርከሃ ወይም በመቃ ቱቦ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። አንድ ጊዜ ብቻ የወጣው ተራ አረቄ ሲባል፣ ተራው አረቄ እንደገና ተጥዶ ሲወጣ ዳግም አረቄ ይባላል። የዳግም አረቄ የአልኮል መጠን ወደ 45 ከመቶ ይደርሳል። በቤት ውስጥ የሚወጣ አረቄ ግን በፋብሪካ እንደሚመረተው የተለካ ስላልሆነ መጠኑ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው፣ አልፎም ከአንዱ ጥጅ ወደ ሌላው ይለያያል።

ይህ ልዩነት ለጠጪው ጤና ትልቅ ትርጉም አለው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና 5 ከመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይዟል። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ መለኪያ 45 ከመቶ ዳግም አረቄ ደግሞ 22.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው። ስለዚህ አንዲት አነስተኛ መለኪያ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ የበለጠ አልኮል ልትይዝ ትችላለች። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ የተከለከለ ነው።

በአረቄ ማውጣት ወቅት ቀድመው ከሚወርዱት ንጥረ ነገሮች መካከል በ20.2 ዲግሪ የሚፈላው አሴታልዲሃይድና በ77.1 ዲግሪ የሚፈላው ኢታይል አሴቴት ይገኙበታል። ሁለቱም ኃይለኛ ሽታ ያላቸው ናቸው። በመጨረሻ ከሚወርደው ጭራ ጋር ደግሞ እንደ አይሶአሚል አልኮል ያሉ ከባድ አልኮሎች ይበዛሉ። የሠለጠነ አምራች የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ክፍል ለይቶ በማስወገድ የመሐከለኛውን ብቻ ይይዛል።

የሚሠራበት ዕቃም በምርቱ ደኅንነት ላይ ተጽዕኖ አለው። በእርሳስ የተበየዱ ቱቦዎች፣ አሮጌ የመኪና ራዲያተሮችና ቀድሞ ኬሚካል የተያዘባቸው በርሜሎች ለዚህ ሥራ ፈጽሞ መዋል የለባቸውም። ትኩሱ አልኮል በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ የሚያሟሟው እርሳስ በመጠጡ ውስጥ ይቀራል፤ በቅምሻም ሆነ በእይታ አይታወቅም። የአልኮል እንፋሎት በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑም የመገጣጠሚያ ቦታዎች በደንብ መደፈን፣ የሚጠራቀምበት ዕቃ ከእሳቱ መራቅና የሥራ ቦታው አየር የሚዘዋወርበት መሆን ይኖርበታል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሥራ የሚያከናውኑት ሴቶች ሲሆኑ፣ ለረጅም ሰዓት ለማገዶ ጭስ መጋለጥ ዓይንንና መተንፈሻ አካልን ስለሚጎዳ የጭስ መውጫ ማዘጋጀት አስፈላጊ ነው።

ሜታኖል፦ በመልክ የማይለየው መርዝ

ሜታኖል በመልክም በሽታም ከኢታኖል ጋር የሚቀራረብ ሌላ የአልኮል ዓይነት ነው። በቀለም፣ በማሟሟያና በኬሚካል ኢንዱስትሪዎች ውስጥ በስፋት ያገለግላል፤ ለመጠጥነት ግን ፈጽሞ አይውልም። ወደ ሰውነት ሲገባ በጉበት ውስጥ በመጀመሪያ ወደ ፎርማልዲሃይድ፣ ቀጥሎ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል። የዓይን ነርቭን የሚጎዳውና ደምን አሲዳማ የሚያደርገው ይኸው ፎርሚክ አሲድ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹሕ ሜታኖል፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚሆን፣ የዓይን ብርሃንን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል፤ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ደግሞ ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ስለ ሜታኖል በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚነገሩ አራት የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ።

አንደኛው፣ «የመጀመሪያው ጠብታ ከተደፋ መጠጡ ከሜታኖል ነጻ ይሆናል» የሚለው ነው። ንጹሕ ሜታኖል ከኢታኖል ቀድሞ የሚፈላ ቢሆንም፣ ከውሃና ከኢታኖል ጋር በተደባለቀ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከእነርሱ ጋር አብሮ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ክፍል መድፋት ኃይለኛ ሽታ ያላቸውን ንጥረ ነገሮች ለመቀነስ ይጠቅማል እንጂ ሜታኖልን አያስወግድም።

ሁለተኛው፣ «በእሳት ሲለኮስ ሰማያዊ ነበልባል ከሰጠ ንጹሕ ነው» የሚለው ነው። ኢታኖልም ሜታኖልም ሰማያዊ ነበልባል ይሰጣሉ፤ የሁለቱ ድብልቅም እንዲሁ። በእሳት መሞከር መጠጡ ብዙ አልኮል እንዳለው ከማሳየት አልፎ የትኛው አልኮል እንደሆነ አይለይም።

ሦስተኛው፣ «ጠጥቼ ለሰዓታት ምንም ስላልሆንሁ ደኅና ነው» የሚለው ነው። ሜታኖል ወደ መርዝነት የሚለወጠው ቀስ በቀስ በመሆኑ ምልክቶቹ ብዙ ጊዜ የሚታዩት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይተው ነው። ከኢታኖል ጋር ተደባልቆ ሲጠጣ ደግሞ ከዚህም በላይ ሊዘገይ ይችላል።

አራተኛው፣ ሜታኖል የሚገኘው በባህላዊ አረቄ ብቻ እንደሆነ ማሰብ ነው። በእህል መብላላት ወቅት የሚፈጠረው ሜታኖል በአብዛኛው አነስተኛ ነው። በፍራፍሬ ልጣጭና ሥጋ ውስጥ የሚገኘው ፔክቲን ሲብላላ መጠኑ ከፍ ይላል። በተለያዩ አገሮች ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ የጎዱ የመመረዝ አደጋዎች በአብዛኛው የደረሱት ግን ለኢንዱስትሪ የተዘጋጀ ሜታኖል ሆን ተብሎ ወይም በስህተት ከመጠጥ ጋር በመቀላቀሉ ነው። ስለዚህ የታወቀ ምርት መለያ የተለጠፈበት ጠርሙስም ክዳኑ የተነካካ ከሆነ አስተማማኝ አይደለም።

ለኢንዱስትሪና ለጤና አገልግሎት የሚውል ኢታኖል

በስኳር ፋብሪካዎች ስኳር ከተመረተ በኋላ የሚቀረው ሞላሰስ ተብላልቶ ሲነጠር ኢታኖል ይገኛል። በኢትዮጵያ የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ኢታኖል የሚያመርቱ ክፍሎች ያሏቸው ሲሆን፣ ምርቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ለተሽከርካሪ ነዳጅነት እንዲውል ተደርጎ ያውቃል። ለነዳጅ የሚውለው ኢታኖል የሞተር ክፍሎችን እንዳይጎዳና ከቤንዚኑ እንዳይለይ ከላይ የተጠቀሰው ቀሪ ውሃ ሊወገድለት ይገባል።

ለማጽጃነትና ለማሟሟያነት የሚውል አልኮል ሰው እንዳይጠጣው ሲባል መራራ ወይም መርዛማ ንጥረ ነገር፣ አንዳንድ ጊዜም ቀለም ይጨመርበታል። የሚጨመረው ንጥረ ነገር ሜታኖል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው አልኮል በከሰል ቢጣራ፣ በውሃ ቢቀጠን ወይም በቤት ውስጥ እንደገና ቢነጠር ለመጠጥ የሚሆን አይደለም።

ለእጅ ማጽጃ (ሳኒታይዘር) የሚውል ኢታኖል መጠኑ ከ60 ከመቶ በታች መሆን የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የዝግጅት መመሪያ መሠረት 10 ሊትር የእጅ ማጽጃ የሚዘጋጀው ከ8,333 ሚሊ ሊትር 96 ከመቶ ኢታኖል፣ ከ417 ሚሊ ሊትር 3 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ከ145 ሚሊ ሊትር 98 ከመቶ ግሊሰሮል ሲሆን፣ ቀሪው በንጥር ውሃ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሞላል። በዚህ ድብልቅ ውስጥ የኢታኖሉ መጠን 80 ከመቶ ይሆናል። ውሃው የተጨመረው ለማብዛት አይደለም፤ አልኮሉ የተሕዋስያንን ፕሮቲን ለመጉዳት ውሃ ስለሚያስፈልገው ነው። ዳግም አረቄ 45 ከመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ የእጅ ማጽጃን ሊተካ አይችልም።

የነዳጅ ውጤቶች

ከምድር የሚወጣው ያልተጣራ ነዳጅ ድፍድፍ ነዳጅ ይባላል። የአረቄውም የነዳጁም ጥሬ ዕቃ በአንድ ቃል መጠራቱ አጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱም ብዙ ነገሮች የተደባለቁባቸውና ካልተነጠሩ የሚፈለገውን ጥቅም የማይሰጡ ናቸው። በነዳጅ ማጣሪያ ድፍድፉ እስከ 350 ዲግሪ ገደማ እንዲሞቅ ተደርጎ ወደ ረጅም ማማ ይገባል። ቀላሉ ክፍል ከላይ፣ ከባዱ ከታች ይለያል።

በማማው አናት የሚገኙት እንደ ፕሮፔንና ቡቴን ያሉ ጋዞች በግፊት ወደ ፈሳሽነት ተለውጠው በሲሊንደር ለምግብ ማብሰያ ይቀርባሉ። ከ40 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ውስጥ የሚለየው ቀላል ክፍል የቤንዚን ጥሬ ዕቃ ነው። ቀጥሎ ከ150 እስከ 275 ዲግሪ ገደማ ኬሮሲን ይገኛል፤ ይህም በቤት ውስጥ ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ የሚባለው ሲሆን፣ የአውሮፕላን ነዳጅም ከዚሁ ክፍል ይዘጋጃል። ከ200 እስከ 350 ዲግሪ ገደማ ነጭ ናፍጣ ይለያል። ቀላልና ከባድ ጥቁር ናፍጣ ከታችኛው ክፍል የሚገኙ ሲሆን፣ በመጨረሻ የሚቀረው ሬንጅ ለመንገድ ሥራ ይውላል።

በስያሜ ረገድ ሊታወቅ የሚገባው ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ ናፍጣ የሚባለው በዓለም አቀፍ ንግድ ዲዝል የሚባለው ነዳጅ ነው። በኬሚስትሪ መጻሕፍትና በውጭ የንግድ ሰነዶች ናፍታ ተብሎ የሚጠራው ግን ከቤንዚን ጋር የሚመደብ ቀላልና እጅግ ተቀጣጣይ ክፍል ነው። ሁለቱን ማምታታት በማጓጓዝም ሆነ በማከማቸት ላይ ከባድ አደጋ ያስከትላል።

እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራውን ያቆመ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ የምትጠቀምባቸው የነዳጅ ውጤቶች ተጣርተው ያለቁ ሆነው ከውጭ አገር የሚገቡ፣ በዋናነትም በጅቡቲ በኩል የሚጓጓዙ ናቸው። ከማጣሪያ እስከ ማደያ ባለው ረጅም ጉዞ አንዱ ውጤት ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል ጥብቅ ቁጥጥር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ለቤተሰብ ደኅንነት ከሁሉም በላይ አሳሳቢው የነጭ ጋዝና የቤንዚን መቀላቀል ነው። ነጭ ጋዝ ከ38 ዲግሪ በታች በአየር ላይ በቀላሉ የሚቀጣጠል እንፋሎት አይሰጥም፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች ባለ ቅዝቃዜ ሳይቀር የሚቀጣጠል እንፋሎት ይሰጣል። በነጭ ጋዝ ውስጥ ጥቂት ቤንዚን ቢገባ በነጭ ጋዝ ምድጃ ወይም በፋኖስ ውስጥ ሲለኮስ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ቤንዚን በተያዘበት ጀሪካን ነጭ ጋዝ መቅዳት፣ እየነደደ ባለ ምድጃ ላይ ነዳጅ መጨመርና ያልተለመደ ኃይለኛ የቤንዚን ሽታ ያለውን ነጭ ጋዝ መለኮስ ክልክል ነው።

ንጥር ውሃ

ንጥር ውሃ በውስጡ የነበሩት ጨዎችና ማዕድናት ከሥር ቀርተው እንፋሎቱ ብቻ ተመልሶ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ለቤተ ሙከራ፣ ለመድኃኒት ዝግጅትና ለመኪና ባትሪ ያገለግላል። በባትሪ ውስጥ የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ቢጨመር በውሃው ውስጥ ያሉት ማዕድናት የባትሪውን ሳህኖች በመጉዳት ዕድሜውን ያሳጥራሉ። የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ በተመሳሳይ ዕቃ ታሽገው በአንድ መደብር ሊሸጡ ስለሚችሉ በመለያ ጽሑፋቸው መለየት ይገባል። በሥራ ላይ ያለ ባትሪ ሲጎድል የሚጨመረው ንጥር ውሃ ነው፤ አሲድ ቆዳንና ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል።

ማፍላትና ማንጠር አንድ አይደሉም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የሚገኘው የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታዎች ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለው ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ በላይ የሆነ ውሃ ለዓመታት ሲጠጣ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። ውሃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የፍሎራይዱ መጠን በቀሪው ውሃ ውስጥ ይጨምራል። በማንጠር ፍሎራይዱ ከሥር ይቀራል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ማገዶ ወይም ኤሌክትሪክ ስለሚፈጅ ለመንደር የመጠጥ ውሃ በአብዛኛው የሚመረጡት ሌላ የውሃ ምንጭ መጠቀም ወይም እንደ አጥንት ከሰል ያሉ ማጣሪያዎች ናቸው።

የዕፀዋት ዘይቶች

መዓዛ ያላቸው ዕፀዋት ዘይት የሚለየው በውሃ እንፋሎት አማካይነት ነው። እንፋሎቱ በቅጠሉ ወይም በሙጫው ውስጥ ሲያልፍ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝም ዘይቱ ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ከሥሩ የሚቀረው ሽቱ ያለው ውሃም ለመዋቢያ ምርቶች ያገለግላል። በዚህ ዘዴ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከገባው ባሕር ዛፍ፣ ከጠጅ ሣርና ከዕጣን ዘይት ይገኛል። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማ ዕፀዋት ላይ ከሚሠሩ የአገር ውስጥ ተቋማት አንዱ ነው።

እነዚህ ዘይቶች ከተክል የተገኙ መሆናቸው ጉዳት የለሽ አያደርጋቸውም። የባሕር ዛፍ ዘይት በጥቂት መጠን እንኳ በሕፃን ከተዋጠ እንቅጥቅጥና ራስን መሳት ሊያስከትል ይችላል። ሳይቀጠን በቆዳ ላይ መቀባትና በሕፃናት አፍንጫ ውስጥ መጨመር አይገባም።

ከአየር የሚገኙ ጋዞች

አየር እጅግ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ፈሳሽ ከሆነ በኋላ በየደረጃው ሲነጠር ናይትሮጅን በዜሮ ታች 196፣ አርጎን በዜሮ ታች 186፣ ኦክስጅን ደግሞ በዜሮ ታች 183 ዲግሪ ይለያሉ። ኦክስጅን ለሕክምናና ለብየዳ፣ አርጎን ለብየዳ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ደግሞ በሰው ሠራሽ ዘዴ ለከብት ማዳቀያ የሚውለውን አባለዘር ለማቆየት ያገለግላሉ። በኦክስጅን ሲሊንደር መክፈቻ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ፈሳሽ ናይትሮጅን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲተን በአየር ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ድርሻ ስለሚቀንስ ያለ ማስጠንቀቂያ ራስን ያስታል።

በግዢና በማከማቸት ወቅት ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

• የታሸገ መጠጥ ሲገዛ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የአልኮል መጠን በመቶኛ፣ የምርት መለያ ቁጥርና የክዳኑ እሽግ ያልተነካ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።
• ዋጋው ከተለመደው እጅግ ያነሰ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም የፊደል ስህተት የበዛበት ምርት መግዛት አይመከርም።
• ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ የባትሪ አሲድና የማጽጃ አልኮል በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መቀመጥ የለባቸውም።
• ማንኛውም የኬሚካል ዕቃ ስሙ በግልጽ ተጽፎበት ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ፣ ከእሳትና ከምግብ ርቆ ይቀመጥ።
• ባዶ የሆነ የመጠጥ ጠርሙስ ለሕገ ወጥ እሽግ እንዳይውል መለያው ተነሥቶ ወይም ተሰብሮ ይወገድ።

አደጋ ሲያጋጥም

አልኮል ከጠጣ በኋላ የዓይን መደብዘዝ፣ በዓይን ፊት ነጭ ጭጋግ ወይም በረዶ የመሰለ ነገር መታየት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ማስታወክና የትንፋሽ መፍጠን የታየበት ሰው በሜታኖል ተመርዞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «ሰክሯል፤ ይተኛ» ብሎ መተው ለሞት ይዳርጋል። ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መወሰድ፣ የጠጣው መጠጥ ቅሪትም ከነጠርሙሱ አብሮ መቅረብ አለበት። በሆስፒታል ሜታኖል ወደ መርዝነት እንዳይለወጥ የሚያግድ መድኃኒት፣ የደም አሲድን የሚያስተካክል ሕክምናና አስፈላጊ ሲሆን የደም እጥበት ይሰጣል። ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር የዓይን ብርሃንንም ሕይወትንም የማትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ከዚሁ ምንጭ የጠጡ ሌሎች ሰዎችም ምልክት ባይታይባቸውም መመርመር አለባቸው።

ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን የዋጠ ሕፃን እንዲያስታውክ መደረግ የለበትም። ፈሳሹ ወደ ላይ ሲመለስ ወደ ሳንባ ስለሚገባ ከመጀመሪያው የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ወተት ወይም ዘይት ማጠጣትም አይረዳም። የረጠበው ልብስ ወልቆ፣ ቆዳው በውሃና በሳሙና ታጥቦ ሕፃኑ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በነዳጅ የተነሣ እሳት በውሃ ሲመታ ስለሚስፋፋ በደረቅ አሸዋ፣ በእርጥብ ብርድ ልብስ ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ የእሳት ማጥፊያ መታፈን አለበት። በአዲስ አበባ የእሳትና የድንገተኛ አደጋ ጥሪ በ939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ በ907 ይገኛል።

ጥቆማና አገልግሎት የሚሰጡ አካላት

በታሸጉ መጠጦች፣ በእጅ ማጽጃና በመድኃኒት ጥራት ላይ ጥርጣሬ ያደረበት ማንኛውም ሰው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ወይም በአቅራቢያው ላለ የክልል የጤና ተቆጣጣሪ አካል ማሳወቅ ይችላል። የነዳጅ ውጤቶች መቀላቀልና ሕገ ወጥ ሽያጭን የሚመለከት ጥቆማ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ወይም ለወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። የምርታቸውን ጥራት በቤተ ሙከራ ማስፈተሽ የሚፈልጉ አምራቾች የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትን መጠየቅ ይችላሉ።

ጥቆማ አቅራቢው ምርቱ የተገዛበትን ቦታና ቀን፣ በመለያው ላይ ያለውን ቁጥርና የምርቱን ቅሪት መያዝ ይኖርበታል። የተጠረጠረውን ምርት መድፋት ወይም ለሻጩ መመለስ ማስረጃን ከማጥፋቱም በላይ ምርቱ ለሌላ ሰው እንዲሸጥ በር ይከፍታል። ቅሪቱ በሚገባ ተዘግቶ፣ «አይጠጣም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ለተቆጣጣሪው አካል እስኪደርስ ድረስ ተለይቶ መቀመጥ አለበት።